ወንድ ጥንቸል ከመኮላሸቱ በፊት ይጾማል ወይ? ሽታውስ በዚያው ይጠፋል?

የመክፈቻ ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 ነው። በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ የ9 ዓመት ልጄ የምታሳድገው አንድ ወንድ ጥንቸል አለን። ስሙ ቡላ ይባላል፤ ዕድሜው 5 ወር ገደማ ሲሆን ክብደቱ በአትክልት ሻጭ ሚዛን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ወጥቷል። እስከ ሚያዝያ ድረስ ከድርቆሹ ሽታ በቀር ምንም የማይሸት፣ ጭን ላይ የሚያንቀላፋ እንስሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እግራችንን እየዞረ ያጉረመርማል፣ በሩንና የልጄን የትምህርት ቤት ጫማ በሽንት ይረጫል፣ የሽንቱም ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አከራያችን ሁለት ጊዜ በትሕትና፣ ሦስተኛውን ጊዜ ግን ያለ ትሕትና ነግረውናል። አንድ የእንስሳት ሐኪም ሊያኮላሽልን ተስማምቶ ለሰኔ 12 ቀጠሮ ይዘናል። ልጄ በየማታው እየመጣች ይሞት እንደሆነ ስለምትጠይቀኝ፣ ልምድ ያላችሁ ሦስት ነገር እንድትነግሩኝ እለምናለሁ፦ ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ ልከልክለው ወይ? ቤት ውስጥ ምን ላዘጋጅ? ሽታውስ ከተኮላሸ በኋላ ይጠፋል?

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ካቀረብሁ በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ በክሩ፣ ማለትም በጥያቄው ሥር በሚከታተለው የምላሾች ሰንሰለት፣ 25 ምላሽ መጣ። አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱም ከጉዳዩ የራቀ ስለነበር፣ ለኋላ አንባቢ እንዲጠቅም በተራ ቁጥሩ እየተከተልሁ ፍሬውን ጽፌዋለሁ።

1ኛ ምላሽ፦ ለዓመታት ጥንቸል ያሳደገች አንዲት እናት መልካም ምኞቷን አስቀድማ፣ በእርግጥ ወንድ መሆኑን አረጋግጬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እርሷ ራሷ ሴት ናት ተብላ የገዛቻት ጥንቸል ወንድ ሆኖ በመገኘቱ፣ በ31 ቀን ውስጥ 6 ግልገል እንደታቀፈች አጫወተችን። በ4ኛውና በ5ኛው ወር ሽንት መርጨትና እግር መዞር የጉልምስና ምልክት እንጂ የባለጌነት ምልክት እንዳልሆነም ልጄን እንዳስረዳት መከረችኝ። ቆለጦቹ በግልጽ ስለሚታዩ በዚህ በኩል ስጋት የለንም ብዬ መለስሁላት።

2ኛ ምላሽ፦ አንድ ወንድም በፍጹም እርግጠኝነት፣ ከዋዜማው ምሽት 12 ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውኃም እንድከለክለው አዘዘ። ውሻውን ሲያስኮላሽ እንዲሁ እንዳደረገ፣ ለሰውም ቢሆን ቀዶ ሕክምና በባዶ ሆድ እንደሚደረግ፣ ያለዚያ እንስሳው በማደንዘዣ ውስጥ ሳለ አስመልሶ እንደሚታነቅ ገለጸ። አነጋገሩ ጨዋ ነበር፤ እኔም ያን ምሽት አመንሁት።

3ኛ ምላሽ፦ በጎንደር የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ ያለ ወጣት፣ የ2ኛውን ምላሽ ጸሐፊ በአክብሮት ጠርቶ ያ ምክር ለውሻ ትክክል፣ ለጥንቸል ግን አደገኛ መሆኑን አስረዳ። ጥንቸል ማስመለስ አይችልም፤ ከጨጓራው መግቢያ ላይ ያለው ጡንቻ ጠንካራ በመሆኑ የገባው ወደ ላይ አይመለስም። ስለዚህ የሚጾምበት ዋናው ምክንያት በእርሱ ላይ የለም። በአንጻሩ አንጀቱ የሚንቀሳቀሰው ሳያቋርጥ ሲበላ ብቻ ነው። ለ12 ሰዓት ያህል ካልበላ አንጀቱ መቆም ይጀምራል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ያመዋል፤ ሲያመው ደግሞ ጭራሽ አይበላም፣ እንዲህ እየተሽከረከረ ብዙ ጥንቸል ከቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከጾሙ የተነሣ ይሞታል። ከ2 ኪሎ በታች የሆነ እንስሳ ደግሞ ስኳሩ ቶሎ ስለሚወርድ ይብስበታል። ተማሪው ድርቆሹ እስከ ቀጠሮው አካባቢ ድረስ ከፊቱ እንዳይጠፋ፣ ውኃው ከነጭራሹ እንዳይከለከል፣ ምግብ የሚነሣውም አፉ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳይኖር ከ1 ወይም ከ2 ሰዓት በፊት ብቻ እንደሆነ ጻፈ። የለመደውን ድርቆሽና የሚወደውን ቅጠል በፌስታል ይዤ እንድሄድና፣ ሲነቃ ወዲያው እንዲቀርብለት ሐኪሙን እንድጠይቅም አሳሰበኝ።

4ኛ ምላሽ፦ አንዲት ሴት የ3ኛውን ምላሽ በራሷ ታሪክ አጸናችው። ስሙን ሳትጠቅስ አንድ ክሊኒክ ከዋዜማው አስጹማ እንድትመጣ አዝዟት ነበር። ጥንቸሏ ከቀዶ ሕክምናው በደኅና ተመለሰ፤ ነገር ግን አንድ ቀን ተኩል ጎኑ ላይ ተኮራምቶ ሳይበላ ቆየ። በጠጡ መጀመሪያ እንደ በርበሬ ፍሬ አነሰ፣ ቀጥሎም ከነአካቴው ቆመ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የታሸና በውኃ የቀጠነ ምግብ በየሁለት ሰዓቱ በከንፈሩ ጥግ እየሰጠች ነው ያዳነችው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ቀናት ቁስሉን ከምመለከትበት ይልቅ በጠጡን እንድቆጥር መከረችኝ። ከሁሉም ምክር ልጄ ከልብ ተቀብላ በደብተር የሠራችበት ይህ ነው።

5ኛ ምላሽ፦ ከዘጌ ነኝ ያሉ አንድ አባት ነገሩን ወደ ፍየል አመጡት። የወጠጤ ሽታ ጎረቤት እንደሚያስሸሽ፣ ያው ፍየል ሙክት ሲሆን ግን ሽታው እንደሚተወው በዕድሜያቸው ሙሉ እንዳዩ ጽፈው፣ ጥንቸሉም ወንድነቱ ሲቆም ሽታው መቅረቱ እንደማያጠራጥር አጽናኑኝ። ይሁን እንጂ ማደንዘዣውም ቢላዋውም ለምን እንዳስፈለገ አልገባቸውም፤ ቡርዲዞ በሚባለው መቀጥቀጫ ጉጠት የሚቀጠቅጥ ባለሙያ በአንድ ደቂቃ ሊጨርሰው እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ።

6ኛ ምላሽ፦ እዚህ ላይ የክሩ አየር ተለወጠ። አንድ ጸሐፊ የ5ኛውን ምላሽ ጭካኔና ድንቁርና ብሎ ፈረጀው፤ ያልነቃ ሰው እንስሳ ማሳደግ የለበትም እስከ ማለትም ደረሰ። በምክንያት ረገድ ትክክል ነበር። ጥንቸል በድንጋጤ ብቻ ሊሞት ይችላል፣ ተይዞ ሲታገልም በኋላ እግሮቹ ኃይል የራሱን የጀርባ አጥንት ሊሰብር ይችላልና። ነገር ግን አባቱ የተናገሩት በቅንነት ሆኖ ሳለ እንዲህ መናገር እንዳላስደሰተኝ ያን ጊዜም ጽፌአለሁ፣ አሁንም አልሸሽገውም።

7ኛ ምላሽ፦ የጎንደሩ ተማሪ መካከል ገባ። የአባቱ የወጠጤና የሙክት ንጽጽር በትክክል ነገሩን የሚያስረዳ መሆኑን አመስግኖ፣ ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ብቻ እንደሆነ አሳየ። የወንድ ጥንቸል ቆለጥ ወደ ሆድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዕድሜ ልኩን ክፍት ነው፤ ሲፈራ ቆለጦቹን ወደ ሆዱ ይስባቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ቆለጡን ሲያወጣ አንጀት በዚያው ቀዳዳ እንዳይወርድ አድርጎ መዝጋት አለበት፣ ይህም ያለ ማደንዘዣ የሚሆን አይደለም። ቀጥሎ የተናገረው ነገር ደግሞ ሁላችንም ያላወቅነው ነበር፦ የተኮላሸ ወንድ ጥንቸል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ አሁንም ሊያስረግዝ ይችላል፣ ሽንት የመርጨቱ ጠባይና ሽታውም የሚቀንሱት በዚያው ልክ ቀስ በቀስ እንጂ በማግስቱ አይደለም። እኔ ለአከራያችን የሰኔ 12ን ቀን እንደ መዳኛ ቀን አድርጌ ነግሬአቸው ስለነበር፣ ይህን ካነበብሁ በኋላ ሄጄ ማረም ግድ ሆነብኝ።

8ኛ ምላሽ፦ የሽምብጥ ነዋሪ የሆነች እናት ተስፋዬን ዝቅ አደረገችው። የእርሷ ጥንቸል ከተኮላሸ ዓመት ሆኖት ቤቱ መሽተቱን አልተወም፤ ሽታው ከእንስሳው ሳይሆን ከሚሸናበት ሣጥን ነበርና። በሣጥኑ ታች እንደ ኖራ የጠነከረ ነጭ ነገር ተጋግሮ አግኝታ በበረኪና ስታጥበው፣ ዓይኗና ጉሮሮዋ ተቃጥሎ ከቤት ለመውጣት ተገድዳለች።

9ኛ ምላሽ፦ ኬሚስትሪ አስተማሪ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ለ8ኛዋ የመለሱት መልስ፣ በሽታ ጉዳይ ካነበብሁት ሁሉ የተሻለው ነው። የጥንቸል ሽንት ገና ሲወጣ ብዙም አይሸትም፤ ባክቴሪያ ውስጡ ያለውን ዩሪያ ሲፈጨው ግን አሞኒያ ይወጣል፣ ዓይን የሚያቃጥለውም እርሱ ነው። አሞኒያ የሰውን ያህል የጥንቸሉንም የመተንፈሻ አካል ይጎዳል፤ አፍንጫውም ለመሬት የቀረበ በመሆኑ ከእኛ በፊት የሚመረዘው እርሱ ነው። ነጩ ጋግርት ካልሲየም ነው፤ ጥንቸል ከምግቡ የተረፈውን ካልሲየም የሚያስወግደው በሽንቱ በኩል ነውና። ካልሲየሙን ውኃና ሳሙና አይነካውም፣ አቼቶ ግን ያሟሟዋል፤ አፍስሶ ጥቂት ማቆየትና አረፋው ሲበርድ መፋቅ ይበቃል። በረኪና በሽንት ላይ ሲፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፣ በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀሉም እንዲሁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣልና ሁለቱን በአንድ ዕቃ ላይ ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም። በክረምት የጣና ዙሪያ አየር ሲረጥብ የሣጥኑ ንጣፍ ስለማይደርቅ፣ በበጋ በሁለት ቀን አንዴ የሚለወጠው በሐምሌ በየቀኑ መለወጥ እንዳለበትም አከሉ።

10ኛ ምላሽ፦ አንድ አናጢ በደግነት፣ ከሥራ ቦታው የጽድ ሰጋቱራ በጆንያ ያለ ክፍያ ሊሰጠኝ ፈቀደ፤ ሽታውን በመልካም መዓዛ እንደሚሸፍነውም ነገረኝ።

11ኛ ምላሽ፦ የ1ኛዋ ምላሽ ባለቤት ተመልሳ መጥታ አናጢውን አመስግና፣ ስጦታውን ግን እንዳልቀበል ለመነችኝ። ጠረን የሚሰጠው የዕንጨቱ ተን በጥንቸል ጉበት ላይ ሥራ ያበዛል፤ ማደንዘዣውን ከሰውነት የሚያስወግደውም ጉበት በመሆኑ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሳምንታት እንዲህ ያለ ንጣፍ መጠቀም የመድኃኒቱን አሠራር ሊያዛባ ይችላል። በውጭ አገር ሴዳር ተብሎ ለቤት እንስሳ ንጣፍነት ከሚነቀፈው ዕንጨት አንዱ የእኛው የጽድ ወገን መሆኑንም ጠቀሰች። ተራ ጋዜጣ ከታች፣ ጭድ ከላይ ቢነጠፍ ይሻላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ለጥቂት ቀናት ቁስሉ ላይ የሚጣበቅ ምንም ብናኝ ሳይኖር ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ይደረግለት አለች። አናጢው በ12ኛው ምላሽ ሳይቀየም አመሰገነ፤ ሰጋቱራውን ለዶሮ ቤት ይጠቅመው እንደሆነም ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ አሁን ሳስበው አሳፈረኝ።

13ኛ ምላሽ፦ አንድ ወንድም በኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸል ርኩስ ከተባሉት መካከል መቆጠሯን አስታውሶ፣ የማይበላ እንስሳ በመኖሪያ ቤት ማሳደሩ ሽታን በገዛ እጅ መጥራት እንደሆነ ጻፈ። 14ኛው ምላሽ የተከለከለው መብላት እንጂ ማሳደግ እንዳልሆነ፣ ድመትና አህያም እንደማይበሉ መለሰለት። ክሩ በዚሁ ወደ ሃይማኖት ክርክር ሊያመራ ሲል 15ኛው ምላሽ፣ አሁንም የአስተማሪው፣ ነገሩን በሚያስደንቅ ዘዴ ወደ ሽታ መለሰው። በዚያው መጽሐፍ ጥንቸል ታመሰኳለች ይላል፤ እንደ ላም የሚያመሰኳ ሆድ ግን የላትም። የምታደርገው ግን ከዚያ አይርቅም፦ ከደረቁ በጠጥ ሌላ ከዕውር አንጀቷ የሚወጣ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ኩስ አላት፤ እርሱን ወዲያው ከምንጩ ተቀብላ ትበላዋለች፣ ምግቧን ሁለተኛ ጊዜ የምታልፍበት መንገድ ነውና። ይህ ለስላሳ ኩስ ሳይበላ ሲቀርና ከጠጉሯ ጋር ሲጣበቅ፣ ቤቱን የሚያስጨንቀው ከሽንት የማይተናነስ ሽታ ከዚያ ነው። የሚቀረውም ወይ ከመጠን በላይ ስትወፍርና አፏ ሳይደርስ ሲቀር፣ ወይም ከድርቆሽ ይልቅ ጣፋጭና እህል ስታበዛ ነው።

16ኛው ምላሽ የራሴ ኑዛዜ ነው። ልጄ በየጠዋቱ ዳቦ፣ ከሰዓት በኋላ ካሮት፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቆሎ እንደምትሰጠው፣ ድርቆሽ የሚቀርብለትም ሌላው ሲያልቅ መሆኑን ጻፍሁ። የጎንደሩ ተማሪ በ17ኛው ምላሽ ዳቦውና ቆሎው እንዲቆም፣ ለውጡ ግን በቀጠሮው ዋዜማ ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲሆን አስጠነቀቀኝ፤ አንጀቱ በአዲስ ምግብ ተናውጦ ወደ ማደንዘዣ መግባት የለበትም። የሽንት ሣጥኑን ከድርቆሹ አጠገብ ማስቀመጥ ጥሩ እንደሆነም አስተማረኝ፣ ጥንቸል እየበላ መጸዳዳት ይወዳልና። ሣጥኑ ሲጸዳ ጥቂት የራሱ ሽታ ያለበት ጭድ ማስቀረት ይገባል፤ ሁሉም ታጥቦ ሲጠፋበት እንደገና ምልክት ለማድረግ ይበልጥ ይረጫል።

18ኛ ምላሽ፦ አንድ ሰው ቀጠሮው ሲቃረብ ጥንቸሉን በሞቀ ውኃና በኦሞ አጥቤ፣ ቤቱንም በሰንደል አጥኜ እንድወስደው መከረ። የ4ኛዋ ሴት በ19ኛው ምላሽ አጭርና ኮምጣጣ መልስ ሰጠችው፦ ጥንቸል ልብስ አይደለም። ቀጥላ ግን ጠጉሩ እስኪደርቅ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ብርድ እንደሚገድለው፣ የሰንደል ጭስም ሳንባውን እንደሚጎዳ ዘረዘረች። ማጠብ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ እንደሆነና እርሱንም ሰው ስለሚያፍር እንደማይነገር ጠቆመች። ከብልቱ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት የቆዳ እጥፋቶች ውስጥ ቡናማ ሰም የሚመስል ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ፤ ቅባቱ ሲከማች ከሽንትም ከበጠጥም የሚለይ ሹል ሽታ ያመጣል። ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጥጥ በየወሩ በዝግታ መጥረግ ይበቃል። ያን ምሽት ቡላን ጭኔ ላይ አስተኝቼ አየሁት፤ እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት፤ ለሁለት ወር አሞኒያ ነው እያልሁ ስረግመው የኖርሁት ሽታ እኩሌታው ይኸው ነበር።

20ኛ ምላሽ፦ ከሁሉም የከፋው ክርክር ከዚህ ተነሣ። ጸሐፊው ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ከመድኃኒት ቤት የሕፃናት አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ገዝቼ በማንኪያ እንድሰጠው፣ ሐኪም እስኪያዝ መጠበቅ ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ድምፁን ከፍ ያላደረገው ተማሪ በ21ኛው ምላሽ ያለ ምንም ማለሳለስ፣ ይህ ምክር ጥንቸሉን እንደሚገድለውና ምላሹ እንዲነሣ ጠየቀ። አሞክሲሲሊንና ወገኖቹ በአፍ ሲሰጡ በጥንቸል አንጀት ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፋሉ፣ በምትካቸው መርዝ የሚያመነጩ ይፈላሉ፣ ከዚያም ተቅማጥና ሞት ይከተላል። የሕመም ማስታገሻውም ቢሆን፣ ለምሳሌ ሜሎክሲካም፣ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ሲያዝ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ በቀጠሮው ጠዋት እንደገና እንዲመዘን አሳሰበ። የ20ኛው ጸሐፊ በ22ኛው ምላሽ ተማሪ ገና ሐኪም አይደለም ሲል ተሳለቀ። እኔ በበኩሌ ጥያቄውን በቀጥታ ለሐኪማችን በስልክ አቀረብሁ፤ ሐኪሙም አሞክሲሲሊንን በአፍ ለጥንቸል እንደማይሰጥ ወዲያው ነገረኝ፤ ይህንኑ በክሩ ላይ አስፍሬ ክርክሩ በዚያው ቆመ።

23ኛው ምላሽ ሰኔ 15 የጻፍሁት ዘገባ ነው። ቡላ ድርቆሹን እየበላ ነበር ከቤት የወጣው። ባጃጁ ውስጥ በጨርቅ በተሸፈነ፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን ሆኖ ልጄ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች፤ ሙቀት ስለማይችል በጠዋት ሄድን። ከነቃ በኋላ ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውኃ በፎጣ ጠቅልለን ግራና ቀኙ አደረግን። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ቀንበጥ ሰርዶ ከእጇ ተቀብሎ በላ። በጠጥ የጣለው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ልጄ ቁጥሩን በደብተሯ ላይ ጽፋዋለች፣ 7 ነበር። ቁስሉን ጠዋትና ማታ እናያለን፤ ጥቂት ካበጠው በቀር ንጹሕ ነው። የእርሱ የራሱ ሽታ ግን እንደነበረው አለ፤ ሣጥኑን በአቼቶ ማጠብና ጭዱን በየቀኑ መለወጥ ከጀመርን ወዲህ ቤቱ ገና በሩ ላይ ስንደርስ መሽተቱን ተወ። አከራያችንም ይህን ልብ ብለዋል፤ ግን እስካሁን አልተናገሩም።

በ24ኛው ምላሽ የ2ኛው ምላሽ ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ያን ምክር የሰጠው ከልቡ መሆኑን፣ ነገር ግን ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር ካነበበ በኋላ ጽሑፉን ሳይሰርዝ ከሥሩ ማረሚያ እንደጨመረበት አስታወቀ። የዘጌው አባትም በዚያው ሥር አንድ መስመር አስከትለው፣ ቡላ ሙክት ከሆነ ወዲህ ክብደቱ ስንት እንደደረሰ ጠየቁ። 1 ኪሎ ከ380 ግራም፣ ዳቦው ስለቀረበት ትንሽ ቀንሷል ብዬ መለስሁላቸው።

25ኛ ምላሽ፦ በሠፈራችን ሴት ጥንቸል ያላት አንዲት ልጅ እናት፣ ቡላ ከተኮላሸ ዘንድ የእርሷን ጥንቸል ለጨዋታ አምጥታ ከእርሱ ጋር ልትለቃት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወደ 7ኛው ምላሽ መራኋት፤ ከሰኔ 12 ጀምሮ 6 ሳምንት ሲቆጠር ሐምሌ 24 ይሆናል፣ ከዚያ በፊት አይሆንም። ቀኑን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያዋ ላይ እንዳከበበችው ጽፋ፣ የሴቷንም ማህፀን ማስወጣት ያስፈልግ እንደሆነ አያይዛ ጠየቀች። ተማሪው ያልተኮላሹ ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ሲገፋ በማህፀን ካንሰር በብዛት እንደሚያዙ፣ የሴቷ ቀዶ ሕክምና ግን ከወንዱ የከበደ በመሆኑ ራሱን የቻለ ክር እንደሚያስፈልገው ነገራት፤ እርሷም ከፍታዋለች።